የጥርስ ሐኪሙ ድንጉላ

«እኔ ፈረስ የማረባው ለትርፍ ነው፤ የፈረስ ፍቅር የለብኝም» አለ የጥርስ ሐኪሙ ጋጣው በር ላይ ቆሞ። ንግድ መሆኑን ካላሳመነ የመኖና የጋጣ ወጪው ከግብሩ አይቀነስለትም። የግብር ኦዲተሩ ግን በቀላሉ የሚሸነገል ሰው አልነበረም። «እስቲ ሸቀጡን ልየው» ብሎ ከድንጉላው ኋላ ጎንበስ አለ።

ሐኪሙ «ይጠንቀቁ» ብሎ ሳይጨርስ ድንጉላው ኮቴውን የኦዲተሩ አፍ ላይ አሳረፈው። ሰውዬው ከግድግዳው ተላትሞ ጭዱ ላይ ተዘረረ። ከንፈሩ ተተርትሮ ደሙ ተንዶለዶለ፤ የፊት ጥርሶቹ ረገፉ። ሐኪሙ እሪ ብሎ ሮጠ። ኦዲተሩ ሊደግፈው የመጣ መስሎት እጁን ዘረጋ። ሐኪሙ ግን ተራምዶት አለፈና ተንበርክኮ የድንጉላውን እግር አቀፈ።

«የኔ ጌታ፣ አመመህ እንዴ?»

ኦዲተሩ ደሙን ተፋ። «ዶክተር» አለ፣ «ለፍቅር የወጣ አይቀነስም።»