የሳሎን ፍቺ

ወይዘሮ ይርገዱ ባላቸውን በቀበሩ ማግስት ሳሎናቸው ውስጥ ከአምስት ለቀስተኞች ጋር ተቀምጠዋል። የሟች ታላቅ እህት እትዬ ደብሪቱ ከደብረ ሲና ደርሰው ሲያንኳኩ በማዘጋጃ ቤቱ ደንብ የሚከፈትና የሚዘጋው ተናጋሪ በር ፍንክች አላለም።

«በደንቡ መሠረት ሳሎን ማለት እስከ ስድስት ሰው የሚቀመጥበት ክፍል ነው» አለ በሩ፣ በዚያ በለመዱት ጨዋ ድምፁ። «ከስድስት ካለፈ አዳራሽ ይሆናል። በመኖሪያ ሰፈር አዳራሽ አይፈቀድም።»

ድንኳን እንኳ እንዳይጥሉ፣ ድንኳንም በዚሁ ደንብ ግንባታ ተብሏል።

«ወንድሜን ለማልቀስም ፈቃድ ላውጣ?» ብለው ጮኹ እትዬ ደብሪቱ ከደጅ። «ይሄን የጻፈ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ከለቀስተኞቹ አንድም የሚያውቅ የለም። ወይዘሮ ይርገዱ ግን ያውቃሉ። ከሠላሳ ዓመት በፊት ባላቸው ለማዘጋጃ ቤቱ የቃላት ፍቺ ሲያረቁ፣ እዚሁ ክፍል ብዕራቸውን እንደያዙ ቀና ብለው «ለሳሎን ስንት ሰው ልበል?» ብለዋቸው ነበር። ወይዘሮ ይርገዱም ሶፋቸውን አየት አድርገው «ስድስት ይበቃል» አሉ።

ወይዘሮ ይርገዱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተነሡ። ሲወጡ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ።

«እትዬ፣ እርስዎ ይግቡ» አሉ። «እኔ ደንቡ ሲጻፍ ውስጥ ነበርኩ።»