የሁሴኖ የልብ ምት

ጡረታ የወጣው ድሬሰር ሚፍታ የአዲስ አበባ ሐኪሞችን ከሰው አይቆጥራቸውም። ከሕክምና የተመለሰውን ባለወፍጮ ጓደኛውን ሁሴኖን ሊጠይቅ አሰላ ገበያ ጀርባ ወዳለው ቤቱ ሄዶም ገና ሳይቀመጥ ጀመረው።

"በጭንህ ሽቦ አስገብተው ልብህን እንደ ከብት ተኮሱት አሉ። እኔ ዘንድ ብትመጣ ምን ነበረበት?"

"ምቴን የምታዛባዋን ቦታ ብቻ ነው የተኮሷት" አለ ሁሴኖ። "አሁን ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።"

"እሱን ጣቴ ይንገረኝ። አምጣ እጅህን።"

ይህን እጅ አሥር ዓመት ሲይዘው ኖሯል። ምቱ ሁለቴ መትቶ ያርፍና እንደ ደነበረ ፈረስ ይጋልብ ነበር። አሁን ግን አንዴም ሳይዛነፍ ይመታል። ሚፍታ ከንፈሩን አጣመመ።

"የወረዳ ጸሐፊ ልብ አስመሰሉት" አለና መቁጠሩን ቀጠለ።

ሃምሳ ላይ ሲደርስ አምፖሉ ጠፋ፤ ከግድግዳው ማዶ ሲያጓራ የነበረው ወፍጮም ጸጥ አለ። ከጣቱ ሥር ያለው ምትም አብሮ ቆመ።

ሚፍታ ጣቱን አዛወረ፣ ጫን አደረገ፣ በመጨረሻም ጆሮውን የሁሴኖ ደረት ላይ ለጠፈ። ምንም የለም።

ሁሴኖ በሌላ እጁ ሻዩን አንስቶ ፉት አለ።

"መብራት ሄዶ ነው፣ አትደንግጥ" አለው። "ትናንትማ እስኪመሽ አልመጣም።"