ምስጢር ጠባቂዋ

ሰው ሁሉ «ምስጢር ጠባቂዋ» ነበር የሚላት፤ የድርጅቱ የይለፍ ቃልና ቁልፍ ሁሉ በእሷ በኩል ያልፍ ነበርና። ያን ቀን ይህንን ሥራ ያግዙኛል ያለቻቸውን ሁለት የኮምፒውተር ፕሮግራሞች በስብሰባው ክፍል ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን እያሳየች ስታወዳድር ቆየች። «አንደኛው ሰው ሲሰናበት ቁልፉን ለመንጠቅ ይንቀራፈፋል» አለች። «ሁለተኛው ግን ዓይንዎን ጨፍነው እስኪገልጡ ቆርጦ ይጥለዋል።»

«እስቲ ቆርጦ ያሳየን» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«ማንን ልቁረጥ?»

«ራስሽን ነዋ። የማንን ልጅ ልታስለቅሺ ኖሯል?»

ሰዉ ሳቀ። እሷም እየሳቀች ስሟን ጻፈችና «ቁረጥ» የሚለውን ተጫነች። ላፕቶፗ ወዲያው ተቆለፈ፤ ግድግዳው ላይ «ይህ ተጠቃሚ አይታወቅም» የሚል ጽሑፍ ወጣ። «አያችሁ? እኔን እንኳን አላወቀኝም» አለች፣ የልጇን የመጀመሪያ እርምጃ እንዳየች እናት ፊቷ በርቶ። ከዚያ የተቆረጠ ቁልፍ መመለስ ወደሚችለው፣ ሥራውን ራሷ ወዳስተማረችው ባልደረባዋ ዞረች። «በል መልሰኝ፣ ወንድሜ።»

ባልደረባዋ ጣቱን ኪቦርዱ ላይ እንዳንጠለጠለ ሥራ አስኪያጁን አየ።

«ተወው» አሉ እሳቸው፣ ብርጭቋቸው ላይ ውሃ እየቀዱ። «የተወዳደራችሁት እኮ ሦስት ምስጢር ጠባቂዎች ናችሁ፣ ልጄ። ሁለተኛው አሸንፏል።»

ባልደረባዋ «ይቅርታ፣ እህቴ» አለና የፕሮጀክተሩን ገመድ ከእሷ ላፕቶፕ ነቅሎ የራሱ ላይ ሰካው። ቀጣዩ ገለጻ የእሱ ነበር፤ ተዘጋጅቶ ነው የመጣው።