ስንት ጊዜ ደወለ?

የመነጽር መስታወት መሞረጃው ማሽን ጸጥ ሲል ስልኳን ከመሳቢያው አወጣች፤ አወጣችና የሌላ ሰው ስልክ ያነሳች መሰላት። ሌሊቱን ተሰክቶ ያደረው ስልክ በገዛ ሥልጣኑ ራሱን አድሶ ነው የነቃው። ጠዋት ቀለሙ መቀየሩን አይታ "ይሁን እስቲ" ብላ አልፋው ነበር። አሁን ግን የጥሪ ዝርዝሩን ስትከፍት የአባቷ ፎቶ ሰሃን አክሎ ተደቀነባት። ከሥሩ "ያልተመለሰ ጥሪ" ይላል። በቃ። ስንት እንደሆነ አይልም።

እስከ ትናንት ድረስ ከስሙ ጎን፣ በቅንፍ ውስጥ፣ ቀይ ቁጥር ነበረች። አባትና ልጅን የምታነጋግረው ያቺ ቁጥር ናት። አባቷ ጉሮሮውን ቀዶ ሕክምና ካደረገ ወዲህ ድምፅ የለውም። ስልክ አንስቶ ዝም ማለት ነውር ስለሚመስለው አያነሳም፤ መልእክት ሁሉ ማስታወቂያ ነው ብሎ ስለሚያምን ሳያነብ ያጠፋል። ስለዚህ ተስማሙ። አንድ ሚስኮል፣ ደህና ነኝ። ሁለት፣ ስትመጪ የሚገዛ ነገር አለ። ሦስት፣ ድረሽልኝ። ከእሷ ወደ እሱም ያው ነው። ስምንት ወር ሙሉ፣ ከአንድ ቀን በቀር ሳይሳሳቱ፣ እንዲህ ኖረዋል።

"ጋሼ፣ ይቺን ይዩልኝ እስቲ። ስንት ጊዜ እንደተደወለ የሚያሳየው ነገር የት ገባ?"

አጠገቧ ፍሬም የሚያስተካክሉት ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ስልኩን ተቀበሏት። የአባቷን ፎቶ ቢነኩት "እንኳን ወደ አዲሱ ገጽታ በደህና መጡ! ላስጎብኝዎ?" የሚል ጽሑፍ ስክሪኑን ሞላው። ከታች "ከዘጠኝ አንድ" ይላል። መዝጊያ የለውም።

"ማን አስጎብኘኝ አለው?" አሉ ጋሼ። "በገዛ ቤታችን እንግዳ አደረገን እኮ!"

"ይግፉት፣ ጋሼ፣ ዝም ብለው ይግፉት።"

ዘጠኙንም ገጽ በአውራ ጣታቸው ገፉት። ሲያልቅ ስክሪኑ ድንገት ጠቆረና "ጨለማ ገጽታን መርጠዋል፤ እናመሰግናለን" አላቸው። ያቺ ቁጥር ግን የለችም። ትናንት የነበረን ነገር ዛሬ የሚደብቅ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ልጅ የለውም? አባት የለውም?

"ታዲያ ደውዪለታ።"

"አያነሳማ።"

"እንግዲያው ሂጂና እዪው።"

ለአፍ ቀላል ነው። ባለፈው ሳምንት አባቷ ሳያውቅ ስልኩ ላይ ተቀምጦበት ሦስት ጊዜ ደውሎ ነፍሷ እስኪወጣ ሮጣ ብትደርስ፣ ሶፋው ላይ ተጋድሞ እያንኮራፋ አገኘችው። ስትመለስ አለቃዋ "ሁለተኛ እንዲህ ከወጣሽ እዚያው ቅሪ" ብሏታል። የቤት ኪራዩም የአባቷ መድኃኒትም የሚወጣው ከዚህ ወንበር ነው። አንድ ከሆነ ዝም ብላ ሥራዋን ትሠራለች። ሦስት ከሆነ ግን ወንበሩም ይቅር፣ አለቃውም ይቅር።

የሚተነፍስበት የአንገቱ ቱቦ ተደፍኖ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተደፍቶ፣ ስልኩን በእጁ ጨብጦ ታያት። እንደማያነሳ እያወቀች ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ ተቋረጠ። እንደገና ደወለች። ምናልባት ዛሬን ብቻ ስምምነቱን ቢያፈርስልኝ ብላ እንደገና ደወለች።

ሦስተኛው ሲቋረጥ ክው ብላ ቀረች።

"ወይኔ ጉዴ! ሦስት ደወልኩለት!"

"ብትደውዪለት ምን አለበት?"

"ድረስልኝ ማለት ነው፣ ጋሼ! አደጋ ላይ ነኝ ማለት ነው!"

አራተኛ ለመደወል ጣቷ ተነሳና አየር ላይ ቆመ። አራት የሚባል ነገር አልተስማሙም። ለደህናውም ለክፉውም ምልክት ሲያበጁ "ተሳስቻለሁ" ለምትለው ቃል ማንም አላሰበላትም። ከቤት እስከዚህ ለጤነኛ ሰው የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው፣ ያውም ዳገት። አባቷ ደግሞ ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ከግቢው በር አልፎ አያውቅም። አሁን ወይ ቤት ወድቋል፣ ወይ መንገድ ላይ ነው። የትኛው እንደሚሻል እሷም አላወቀችም።

ሽርጧን ለመፍታት ብትታገል ቋጠሮው እጇ ላይ ጠበቀ። ጋሼ ሊፈቱላት ተነሱ፤ እሳቸው ሲስቡት ይባስ ጠበቀ። መሳቢያውን ሁሉ አንድ በአንድ እየገለበጡ መቀስ ቢፈልጉ መቀሱ የለም። በአንገቷ ላውጣው ስትል አንቆ ያዛት። በዚህ መሃል እንግዳ ተቀባይዋ ሳቋን ይዛ በሩን ከፈተች።

"እንግዳ መቀበያው ጋ አንድ ሽማግሌ መጥተዋል። ለዓይን ምርመራ መስሎኝ ወንበር ብሰጣቸው አይቀመጡ፣ ብጠይቃቸው አይናገሩ። ሦስት ጣታቸውን ብቻ ያሳዩኛል። የኔን ዓይን የሚመረምሩ መስሎኝ 'ሦስት' ብላቸው ጭራሽ ተቆጡ!"

እንደታነቀች ሮጠች።

አባቷ መሃል ክፍሉ ላይ ቆሟል። በአንድ እግሩ የቤት ነጠላ ጫማ አለ፣ ሌላው ባዶ ነው። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ አንገቱ ላይ ያለው ቱቦ ያፏጫል። ሲያያት ትከሻዋን ይዞ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞራት። አናቷን ዳሰሰ፣ ጉንጯን ዳሰሰ፣ እጆቿን ገለባብጦ አየ። የተቆረጠ ወይም የተሰበረ ነገር ይፈልጋል።

"ደህና ነኝ አባዬ፣ ምንም አልሆንኩም። ስልኩ ነው፣ የተረገመው ስልክ ነው… አንተስ? ስንት ጊዜ ነበር የደወልክልኝ?"

ፍተሻውን ገና አልጨረሰም። ጣቶቿን አንድ በአንድ፣ እስከ ትንሿ ድረስ፣ አጥፎ ዘርግቶ አያቸው። ከዚያ ወደ ግድግዳው ሄደና ተደግፎት ወለሉ ላይ ቁጭ አለ፤ እጁን አንስቶም አንድ ጣቱን አሳያት።