የቪትዟ ተሸካሚዎች

ለተከበራችሁ የሰፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤ ዛሬ ከማለዳው አንድ ሰዓት ጀምሮ አንዲት ነጭ ቪትዝ የኮብልስቶኑን መንገድ መውጫ ዘግታ መቆሟን በታላቅ ትሕትና እናበስራለን።

ከኋላዋ ጥላዬ በላዳው ውስጥ መሪውን ጨብጦ ቀርቷል። ዳሌያቸው የተሰበረ እናቱ የኋላ ወንበር ላይ ተጋድመዋል። አራት ወር የጠበቁት የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ ያረፈደ ሰው ተራው ያልፈዋል። ጡሩንባ ነፋ፣ በየበሩ አንኳኳ፤ ባለቤት ነኝ የሚል ጠፋ።

አላፊ አግዳሚው ቪትዟን አንስቶ ዳር ሊያደርጋት ተሰበሰበ። ግንበኛ፣ ዲያቆን፣ ሎተሪ አዟሪ፣ ከረባት ያሰረ ጎልማሳ፤ አንዱ ሌላውን አያውቅም፤ ሁሉም ግን አዛዥ ነው። ግማሹ «ሁለት» ሲባል ያነሳል፣ ግማሹ «ሦስት»ን ይጠብቃል። ቪትዟ በአንድ ጎኗ ብድግ ትልና ጓ ብላ ትመለሳለች።

«እኔን ስትቀብሩም እንዲህ ልትጨቃጨቁ ነው?» አሉ እናቱ ከውስጥ።

ይሄኔ ባለከረባቱ እጅጌውን ሰበሰበ። «ሁላችሁም ዝም! እኔ ስቆጥር ብቻ!»

ቪትዟ ከመሬት ተላቀቀች። ተሸክመው ዳር አስቀመጧት። ሕዝቡ አጨበጨበ፣ የማይተዋወቀው ሁሉ ተቃቀፈ። ሰዓቱ ሁለት ከሩብ ሆኗል።

ባለከረባቱ ላቡን ጠረገ፣ ከኪሱ ቁልፍ አወጣና ቪትዟን ከፍቶ ገባ።

ጥላዬ መስኮቱ ላይ ተለጠፈ። «ጋሼ... መኪናዋ የእርስዎ ናት?»

«አዎ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ሰዓት ምነው ዝም አሉ? እናቴን እያዩ!»

ሰውየው መስታወቱን ከፍ እያደረገ፣ «ብናገር ኖሮ ይህ ሁሉ ሕዝብ መኪናዋን ትቶ እኔን ነበር የሚያነሳኝ» አለ።