ተፈልጎ አልተገኘም

ረቢአ አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ ተጭና አንስታለች። ሐምራዊው ቀለም እስከ ጥፍሯ ሥር ደርሷል።

«እዚህ ጋ ያሳርፉ፣ እናቴ» አለ የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ሙህዲን፣ የደብዳቤውን ግርጌ በእስክሪብቶ እየነካ። ደብዳቤው አጭር ነው፤ የይዞታ ውሳኔዋ በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ተፈልጎ አልተገኘም ይላል። እሷ ከፈረመች የጨፋው መሬት ከሰኞ ጀምሮ ለሟች ባሏ ወንድም ይሆናል።

«መሬቱን ሰጥተውኛል ስላችሁ!» አለች ረቢአ። «የእኔን ወረቀት ከነሳጥኑ የቦርከና ወንዝ ጎርፍ ወሰደው እንጂ፣ ይችው ልጅ ናት የጻፈችው።» በአገጯ ወደ ጸሐፊዋ ወደ ፋሪዳ ጠቆመች፤ ጣቷን እንዳይነካባት አንጠልጥላዋለች።

«ጋሼ፣ አንዴ ይቆዩ እስቲ» አለ የኮምፒዩተር ባለሙያው ሲራጅ ከማሽኑ ኋላ።

«ምን እቆያለሁ? ጁምዓ ደረሰ! ደግሞ አንተው አይደለህ እንዴ፣ ‹መፈለጊያው ካላገኘው፣ ሰነዱ የለም ማለት ነው› ያልከው? ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፍሯል እኮ።»

ብሏል፤ ወላሂ ብሏል። ማክሰኞ የድረ ገጹን ሰነድ መፈለጊያ ጭኖ ሲያስመርቅ ነው፣ እንግዶች ፊት፣ የለስላሳ ጠርሙስ እንደያዘ።

ሲራጅ የመፈለጊያውን ማስተካከያ ፋይል ከፈተ። ሦስተኛው መስመር ላይ የገዛ እጁ ሥራ ተቀምጧል፤ በአዲሱ የፊደል ሥርዓት፣ በዩኒኮድ ያልተጻፈውን ሁሉ እለፍ ይላል። ፋሪዳ አሥራ አራት ዓመት የጻፈችው በአሮጌው የፊደል ፕሮግራም ነው። ሲታተም አማርኛ ነው፤ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ግን የፈረንጅ ፊደልና ነጠላ ሰረዝ፣ የጥያቄ ምልክትና ቅንፍ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ያ ዝባዝንኬ ገጹን ሞልቶት ነበር። ለእንግዳ አይሆንም ብሎ፣ የአሥራ አራት ዓመት ሰነድ በአንድ መስመር እንዲዘለል አደረገ።

መስመሩን ሰረዘና ማሽኑን እንደገና ከሀ ጀምረህ አንብብ አለው። ቁጥሩ መውጣት ጀመረ። አንድ ሺህ። ሁለት ሺህ።

«ማል ጄዳ? ምን ይላል?» አለች ረቢአ።

«እያነበበ ነው። አብሽሪ እናቴ።»

ውጭ የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ጉሮሮውን ጠረገ። ሙህዲን ሰዓቱን አየ፣ ጣቷን አየ። «ቀለሙ ሊደርቅ ነው» አለ።

አራት ሺህ ላይ ቆመ። ሲራጅ ረቢአ አደም ብሎ ጻፈ። ምንም አልተገኘም።

«አየህ?» አለ ሙህዲን።

ሲራጅ ግን ከወንበሩ ተነሣ። «እኔ በአዲሱ ነው የጻፍኩት። ፋሪዳ፣ ነይ፤ አንቺ እንደ ድሮሽ ጻፊላት።»

«አማርኛ ሆኖ አይታይህም እኮ።»

«አይታየኝ፣ ግዴለም።»

ፋሪዳ ተቀመጠች። ገበታውን አላየችም፤ ጣቶቿ ስሙን ከፊደል ፊደል ሳይሳሳቱ ነካክተው ጨረሱ። የመፈለጊያው ሳጥን ውስጥ አንድ ሰው ተናዶ ገበታውን በጡጫ የመታው የሚመስል ነገር ተደረደረ። አስገቢ ቁልፉን ተጫነች።

አንድ ሰነድ ተገኝቷል። 1991 ዓ.ም.፣ ጨፋ።

ሙህዲን ጠረጴዛውን ዞሮ መጣና መነጽሩን አደረገ። «ይሄ ነው ውሳኔ?»

«የአማርኛ ፊደሉን ሳይለብስ ነው» አለ ሲራጅ፤ «ሲታተም ይስተካከላል።»

ሙህዲን መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ ደብዳቤውን ለአራት አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ ቃለ ጉባኤውስ መታረም ይኖርበት እንደሆነ ጠየቀ።

ረቢአ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች። ማንበብ አትችልም። ከክፍሉ ውስጥ ጽሑፉን ሳትሳቀቅ ያየችው እሷ ብቻ ናት።

«የቱ ጋ ነኝ?»

ሲራጅ የነጠላ ሰረዞቹንና የቅንፎቹን መስመር በጣቱ አሳያት።

«ቢስሚላህ» አለችና አውራ ጣቷን መስታወቱ ላይ ደግፋ ተጫነች።

አዛኑ ጀመረ፣ ማተሚያውም ሞቅ ብሎ ማጉረምረም ያዘ። ሲራጅ መወልወያውን ጨርቅ አነሣ፤ ሐምራዊውን አሻራ ትንሽ አየውና ጨርቁን መልሶ አስቀመጠው።