«አቡየ» ያላለው ሰው

የዳባቱ የቅኔ መምህር መሪጌታ ሀብተ ሚካኤል ደባርቅ ጤና ጣቢያ ሲደርሱ፣ አልጋው ላይ የጠበቃቸው የልጃቸውን ጋቢ ለብሶ የመጣ ባዳ ሰው ነበር።

ልጃቸው ዲያቆን ቃለ አብ ትናንት ከአዲ አርቃይ ደውሎ «ከአንድ መንገደኛ ጋር በእግር እየመጣሁ ነው» ብሏቸዋል። መንገደኛው ሊማሊሞ ሥር ብቻውን ወድቆ ተገኘ።

ጋቢውን ነርሷ መስኮቱ ላይ አስጥታዋለች። መሪጌታ ጥለቱን አይስቱትም፤ ባለቤታቸው የፈተለችው ነው።

«ገፎት ነው» አሉ በሆዳቸው።

ጎንበስ ብለው ጠየቁት። «ልጄስ? ቃለ አብ የት አለ?»

ሰውየው ዓይኑን ሳይገልጥ ከንፈሩን አላወሰ። «አብ... ማይ...»

መሪጌታ ግእዝ ሲያስተምሩ ያረጁ ሰው ናቸው። አብ አባት፣ ማይ ውሃ። ይባስ ብሎ አባት እያለ ውሃ ይለምናቸዋል! ያውም «አባቴ» ለማለት «አቡየ» ማለት ሲገባው። ከየትኛው ጉባኤ ቤት የተባረረ ይሆን?

ቢሆንም ክርስቲያን ናቸውና ጣሳውን ከአፉ አስጠጉለት። ውሃው ባገጩ ወረደ።

«የት ጣልኸው?»

«አብ ማይ...»

«ጠጣ እንግዲህ! ማን ከለከለህ?»

የእህታቸው ልጅ የሺዋስ በበሩ ብቅ አለ። «የኔታ፣ ቃለ አብን ሊፈልግ የወጣው ሰው የሊማሊሞ አፋፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ገደሉ ብዙ ነው፤ በየት በኩል እንውረድ?»

«ቆዩ፤ በከንቱ አትድከሙ። ዝም አይነቅዝም ብሎ ነው እንጂ ይኸ ሰው ያውቃል።»

ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። የሰውየው ድምፅ እየሰለለ ሄደ። የመሪጌታም ቁጣ አልቆ ልመና ብቻ ቀራቸው።

«ወንድሜ፣ ገድለኸውም ቢሆን ይቅር ብዬሃለሁ። ልቅበረው እንጂ። የት ነው?»

«አብ ማይ» አለና ጸጥ አለ። ነርሷ መጥታ አንሶላውን እስከ ፊቱ ሳበችው።

መሪጌታ ጣሳውን እንደያዙ ቀሩ። «ውሃ ውሃ እንዳለ ሞተ» አሉ፤ «የልጄንም ነገር ይዞት ሄደ።»

እግሩ ተሰብሮ ከጥቂት ደቂቃ በፊት መጥቶ ጎን ካለው አልጋ የተኛው ያርጋል የሚባል የአዲ አርቃይ ነጋዴ በክርኑ ቀና አለ።

«መሪጌታ፣ ውሃ መች ጠየቀዎት? በትግርኛ እኮ ‹ውሃው ውስጥ› እያለዎት ነበር።»